ኮሸሽላ የሚለቅሙ ሴቶች

ኮሸሽላን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ዘሩን የሚዘራለት፥ ውኃ የሚያጠጣው፥ ዙሪያውን የሚኮተኩትለት ሰው ሳይኖር በመንገድ ዳርና በተተወ መሬት ላይ ይበቅላል። ከብቱ ይሸሸዋል፤ ገበሬው ሲያገኘው ነቅሎ ይጥለዋል፤ እርሱ ግን በሚመጣው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ይገኛል። አበባውን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካ አገር በቴኔሲ በምትገኘው በናሽቪል ከተማም ከእኛ ኮሸሽላ ጋር የሚመሳሰል፥ አበባው ሐምራዊ የሆነ እሾሃም ተክል አለ፤ በአገሩ ቋንቋ «ቲስል» ይሉታል። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚገባ ድርቅ በቀላሉ አይገድለውም፤ በሲሚንቶ ስንጥቅ መካከል እንኳ ብቅ ይላል። ሴተኛ አዳሪዎች ሌሊት በሚመላለሱባቸው ጎዳናዎች ዳር የሚበቅለው ይኸው አረም ነው። ከእነዚያ ጎዳናዎች የወጡ ሴቶችም ይህንኑ አረም እየለቀሙ ወረቀት ሠሩበት፤ የሥራ ድርጅታቸውንም «ቲስል ፋርምስ» አሉት፤ የኮሸሽላ እርሻ ማለት ነው።

በልጅነታቸው የተደፈሩ፥ በዚያም ቁስል ላይ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የደረቡ ሴቶች በእምነት ኃይል ተነሡ የሚል ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱም ለስብከት ማሳመሪያ የተቀነባበረ ነው። ለመሆኑ እምነት እንዲህ ያለችውን ሴት የሚያነሣት በምን መንገድ ነው? ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሴቶችን በእምነት ስም ያነሣ ቤት እንዳለ ሁሉ፥ በዚሁ በእምነት ስም ሴቶችን የቀበረ ቤትም ነበረና። ሁለቱም ደግሞ የሚጠሩት በአንዲት ቅድስት ሴት ስም ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የናሽቪሉን ቤት የመሠረቱት ቤካ ስቲቨንስ የሚባሉ ሴት ቄስ ናቸው። ሴት ቄስ ሲባል ለእኛ ጆሮ እንግዳ መሆኑ አይቀርም፤ እርሳቸው የሚያገለግሉበት የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ግን ከ1976 ዓ.ም. ውሳኔ ወዲህ ሴቶችንም በክህነት ይሾማል። አባታቸው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም.፥ ቤካ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ አንድ ሰካራም የሚነዳው መኪና አባታቸውን ገደለ። እናትየዋ አምስት ልጆች ታቅፈው ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትልቅ ሰው የነበረ፥ የተከበረና የታመነ አንድ ግለሰብ አባት በሌላት ሕፃን ላይ የነውር ሥራ ይፈጽምባት ጀመር።

አንባቢ ልብ ይበል። አባቷን የነጠቃት የሰው ስካር ነው፤ ሕፃንነቷን የነጠቃት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢርቅ ማንም አይፈርድበትም። ቤካ ስቲቨንስ ግን በኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ካጠኑ በኋላ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1991 ዓ.ም. ክህነት ተቀበሉ፤ ከዚያም በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በምትገኘው በቅዱስ አውግስጢኖስ ጸሎት ቤት ያገለግሉ ጀመር። በልጅነታቸው የደረሰባቸውንም ነገር ካደጉ በኋላ ሳይደብቁ በአደባባይ ተናገሩ። የበደላቸውን ሰውና ያመኑትን አምላክ ለይተው ለማየት ስንት ሌሊት እንደ ፈጀባቸው እርሳቸው ያውቃሉ።

በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቤት ለአምስት ሴቶች ተከፈተ። ሴቶቹ ከወኅኒ ቤትና ከጎዳና የመጡ ነበሩ። ድርጅቱ ስለ እንግዶቹ ሲገልጥ፥ አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደፈሩት ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው ይላል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማለት አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት።

የቤቱ ሥርዓት አጭር ነው። የገባችው ሴት ሁለት ዓመት ትቀመጣለች፤ ለቤት፥ ለምግብ፥ ለሕክምናም አትከፍልም። በቤቱ ውስጥ አብሮ የሚያድር ዘበኛም ሆነ ተቆጣጣሪ የለም፤ ሴቶቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ይተዳደራሉ። መጀመሪያ ሐኪም ያያታል፤ የተንጠለጠለባት የፍርድ ቤት ጉዳይ እንዲቋጭ ትረዳለች፤ የልብ ቁስል ማከም የሚያውቅ ሰው በየጊዜው ያነጋግራታል፤ ሱሱን ለመተውም ከሌሎች ጋር በጉባኤ ትሰበሰባለች። ሥራ የሚመጣው ሰውነቷ ካረፈ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት ብዙ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ የተለመደው የሱስ ሕክምና 28 ቀን ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሲያመረቅዝ የኖረ ቁስል በ28 ቀን ይሽራል ብሎ መጠበቅ፥ የተሰበረ እግር ያለበትን ሰው ጠዋት አስሮ ማታ ሩጥ እንደ ማለት ነው። ይህም ሁሉ ተደርጎ ተመልሰው ወደ ጎዳናው የወጡ አሉ፤ ሱስ የሚባለው በሽታ ጠባዩ እንዲህ ነውና ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ይህን ሥርዓት ቄሲቱ ከራሳቸው አላፈለቁትም። ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የምዕራብ መነኮሳት የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት አለ፤ በዚያ ውስጥ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ክርስቶስ ራሱ እንደ መጣ ተቆጥሮ ይቀበሉት የሚል ትእዛዝ ይገኛል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ምሽት ላይ አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል ከየት መጣህ፥ ምን ሠራህ ሳይባል እግሩ ታጥቦ ራቱን የሚበላበት አገር ነው ያደግነው። ልዩነቱ እኛ ይህን ክብር የምንሰጠው ለመንገደኛው ሲሆን፥ እነርሱ ደግሞ መንገድ ላይ ለቆመችው ሴት መስጠታቸው ነው።

ለቤቱ የተሰጠው ስም «መግደላዊት» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ መግደላዊት ማርያም የሚነግረን ሰባት አጋንንት እንደ ወጡላት ነው፤ ጋለሞታ ነበረች የሚል ቃል ከአራቱ ወንጌሎች በአንዱም ውስጥ አይገኝም። በ591 ዓ.ም. ገደማ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ ባሰሙት ስብከት መግደላዊትን፥ በፈሪሳዊው ቤት የጌታን እግር በእንባዋ ያራሰችውን ስሟ ያልተጠቀሰ ሴት፥ የአልዓዛርንም እኅት ማርያምን አንድ ሴት አድርገው አቀረቡ። ምዕራባውያንም ይህን ከሺሕ ዓመት በላይ ተቀብለውት ኖሩ። የትንሣኤን ዜና ለሐዋርያት ያደረሰችው ሴት በእነርሱ አገር የወደቁ ሴቶች ምልክት ሆና ቀረች።

በአየርላንድ «የመግደላዊት የልብስ ማጠቢያ ቤቶች» የሚባሉት በዚህ አስተሳሰብ የተቋቋሙ ናቸው። የሚያስተዳድሯቸው ሴቶች መነኮሳት ነበሩ። ሳታገባ የወለደች፥ የተደፈረች፥ ወላጅ የሌላት ወይም ለቤተ ሰቧ ሸክም የሆነች ልጃገረድ ንስሐ ትግባ ተብላ ወደዚያ ትላካለች። በሩ ይቆለፍባታል፤ ብዙዎቹም የክርስትና ስማቸው ቀርቶ በሌላ ስም ይጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የላትም። ከእነዚህ ሴቶች ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው ጨርሰው እዚያው የተቀበሩ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ አንድ የመነኮሳት ማኅበር መሬቱን ሲሸጥ መቃብሩ ተቆፍሮ የ155 ሴቶች አስከሬን ወጣ።

የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ምርመራ ከ1922 ወዲህ ብቻ 10,000 ያህል ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ማለፋቸውን ገለጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤንዳ ኬኒም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 19 ቀን በምክር ቤት ቆመው ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ የናሽቪሉ መግደላዊት የተከፈተው የደብሊኑ በተዘጋ በዓመቱ ነው። በሁለቱም ቤት ጸሎት ነበረ፤ በሁለቱም ቤት ወንጌል ይነበብ ነበር። ልዩነቱ የሚጀምረው ከመዝጊያው ነው። በአንደኛው ቁልፉን የያዘችው እመ ምኔቷ ናት፤ በሁለተኛው ግን ሴትዮዋ ራሷ ናት። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ እምነትና ስለ ፈውስ ብዙ ክርክር ሰምቷል፤ እንደዚህ ቁልፍ ነገሩን የሚያስረዳ ግን አላገኘም። ወኅኒ ቤት፥ የሰው ቤትና የሆቴል ክፍል ብቻ እያየች የኖረች ሴት የምታድርበትን ቤት ቁልፍ በእጇ ስትይዝ ሰው አምኗታል ማለት ነው፤ በዚህ አምኖ ያስጠጋት ደግሞ የነገራትን ሌላውን ነገር ለማመን አይከብዳትም።

ከትምህርት ቤት ወጥቶ አዲስ ቢሮ የገባ ወጣት በደመወዝ ማግሥት ከጓደኞቹ ጋር ሲያመሽ፥ መንገድ ዳር የቆመችውን ሴት አይቶ «ጠባይዋ ተበላሽቶ ነው» ብሎ መፍረድ ይቀናዋል። የሕክምና ሊቃውንት የደረሱበት ግን ሌላ ነው። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ የሚባሉ ሐኪም በካሊፎርኒያ በሳንዲዬጎ ከተማ ውፍረት ለመቀነስ የሚመጡ ሰዎችን ያክሙ ነበር። ሕክምናው የሠራላቸው ሰዎች ውፍረታቸው እየቀነሰ ሳለ በድንገት አቋርጠው መጥፋታቸው ግራ አጋባቸውና አንድ በአንድ ቢጠይቁ፥ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተደፍረው የነበሩ ሆነው ተገኙ። ከዚህ ተነሥተው ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋር ትልቅ ጥናት አደረጉ፤ በ1998 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የ9,508 ሰዎች መልስ ተመርምሯል። ጥያቄው በልጅነትህ ተደብድበሃል ወይ? ተደፍረሃል ወይ? እናትህ ስትደበደብ አይተሃል ወይ? በቤት ውስጥ ሰካራም ወይም እስረኛ ነበረ ወይ? የሚል ዓይነት ነበር። ከእነዚህ መከራዎች አራት ዓይነትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፥ በልብ ጭንቀትና ራስን ለመግደል በመሞከር ከ4 እስከ 12 ጊዜ እጥፍ ለሚሆን አደጋ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

በአጭሩ፥ ለእንዲህ ያለችው ሴት መጠጡ ወይም ዕፁ በመጀመሪያ የበሽታ ማስታገሻ ነው። ቁስሉን ሳይነኩ ማስታገሻውን ብቻ መንጠቅ ሕክምና አይባልም። ስድብና ግሣጼም የማይሠራው ስለዚህ ነው፤ ልትረሳው ስትጠጣ የኖረችውን ነገር መልሶ ያስታውሳታል።

ከሱስ የዳነ ሰው ሌላውን ሱሰኛ ለመርዳት የሚነሣው ለጽድቅ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። በ1935 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ነጋዴ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ሳለ፥ በኦሃዮ በአክሮን ከተማ ለሥራ ሄዶ ሥራው ተበላሸበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ ሲሰማ ፍርሃት ያዘው። በዚያች ሰዓት ያደረገው ነገር፥ ወደ አንድ የከተማው ቄስ ስልክ ደውሎ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲያገኙለት መለመን ነበር። ያገኙለትም ዶክተር ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ሆነ፤ ስማቸውን የማይገልጡ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ማኅበሩ ለአባሎቹ አሥራ ሁለት ደረጃ አበጀ፤ መጀመሪያው አቅም ማጣትን ማመን፥ ሁለተኛው ከራስ በላይ የሆነ ኃይል እንዳለ ማመን ሲሆን፥ የመጨረሻው የዳኑበትን ነገር ለሌላው ሱሰኛ ማድረስ ነው። በዚያ ዘመን ሰካራም ማለት ወንድ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበረ ሴቶች ወደ ጉባኤው መምጣት ያፍሩ ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. ማርቲ ማን የተባለች ሴት ገብታ ከዳነች በኋላ ግን በሩ ለሌሎችም ተከፈተ።

በዚሁ ደረጃ ከወጡት አንዷ የሎስ አንጀለሷ ሱዛን በርተን ናቸው። በልጅነታቸው ተደፍረዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአምስት ዓመት ልጃቸው መንገድ ሲሻገር አንድ ፖሊስ የሚነዳው መኪና ገጭቶ ገደለው። ከዚያ በኋላ ኮኬይን ውስጥ ገቡ፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከወኅኒ ቤት ሲወጡ ሲገቡ ስድስት ጊዜ ታሰሩ። የካሊፎርኒያ ወኅኒ ቤት እስረኛውን ሲለቅ 200 ዶላር በእጁ ሰጥቶ በአውቶቡስ ይሰደዋል። አውቶቡሱ የሚያወርደው ደግሞ ዕፅ ሻጩና ደላላው ቆመው በሚጠብቁበት ሰፈር ነው። 200 ዶላሩ እስከ ማግሥቱ አይደርስም።

በ1997 ዓ.ም. አንድ ወዳጅ በሳንታ ሞኒካ፥ ሀብታሞች በሚኖሩበት በባሕሩ ዳር፥ የሱስ መታከሚያ ቤት እንዳለ ነገራቸው። በዚያ ሲታከሙ አንድ ነገር ታዘቡ፤ በእርሳቸው ሰፈር ወኅኒ ቤት የሚያስገባው ጥፋት በዚህ ሰፈር ወደ ሐኪም ቤት የሚያስገባ ነበር። ከዳኑ በኋላ ሕመምተኛ እያስታመሙ ገንዘብ አጠራቀሙና በ1998 ዓ.ም. በዋትስ ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት ገዙ። ከዚያም ወደዚያው አውቶቡስ ጣቢያ ተመልሰው ይቆሙ ጀመር። ከወኅኒ ቤት የወጡ ሴቶች ሲወርዱ ደላላው ከመድረሱ በፊት እርሳቸው ይደርሳሉ፤ አልጋ አለኝ፥ ነይ ይሏቸዋል። አንዷ ቤት ብዙ ቤት ሆነች፤ ከአንድ ሺሕ በላይ ሴቶችም በእነዚህ ቤቶች አለፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ በ2017 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ወደ ናሽቪል እንመለስ። ቤቱ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት አንድ ችግር ጎልቶ ታየ። ሴቶቹ ከሱስ ተላቀቁ፤ ነገር ግን መቶ ጊዜ ታስራለች የሚል መዝገብ ያላትን ሴት የሚቀጥር ሰው ከየት ይምጣ? ገንዘብ የሌላት ሴት ደግሞ የምታውቀው ገበያ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. አራት ሴቶች በጸሎት ቤቱ ማእድ ቤት ውስጥ ሻማና ቅባት መሥራት ጀመሩ። ከዚያ ሳሙናው፥ የከንፈር ቅባቱና ሽቶው ተጨመረ፤ የኮሸሽላውም ወረቀት መጣ። የቤቱ ምሩቆች ሠራተኞችና አለቆች ሆኑ። አዲስ የምትገባውን ሴት በር ላይ የሚቀበሏት እነርሱ ናቸው፤ ምን ዓይነት ሌሊት አሳልፋ እንደ መጣች ሊጠይቋት አያስፈልጋቸውም።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ሻማ ያበራሉ፤ ሻማው ገና ጎዳና ላይ ላለችውና ወደ ቤት የሚመልሳትን መንገድ ለምትፈልገው ሴት ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሻይ ቤት ከፈቱ። ስኒዎቹ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ በስጦታ የተላኩ ናቸው፤ ብዙው ሰው የላከው ከነታሪኩ ነው፤ የአያቴ ስኒ ነበር፥ የእናቴ ነበር እያለ። ጥንድ የሆኑ ስኒዎች በዚያ ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ነገር ጫፉ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። በከተማችን «እልልታ» የሚባል የክርስቲያን ድርጅት ከሴተኛ አዳሪነት መውጣት የሚፈልጉ ሴቶችን ተቀብሎ ያማክራል፤ ልጆቻቸውን ያስጠብቃል፤ ሌላ ሙያም ያስተምራል። ይህን ሥራ ያዩ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ2010 ዓ.ም. በዚያችው በናሽቪል ከተማ አንድ የንግድ ድርጅት አቋቋሙና እነዚህ ሴቶች የሠሩትን በእጅ የተሸመነ ሻርፕ በአሜሪካ ይሸጡ ጀመር። ሸማ መሸመን በአገራችን የወንድ ሙያ ተብሎ የኖረ ስለ ሆነ ሴቶቹ መወርወሪያውን ሲይዙ የሳቀ ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ ግን በሰዓቱ ይከፈላቸው ነበር። ሻርፖቹም በገበያ ላይ ሲወጡ በየዓይነታቸው በሠሩት ሴቶች ስም ይጠሩ ነበር።